ሰባት ቀስት ወደ ታች

ጥቅምት 4

ሦስት ዚፕ ቀየርኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ልኬቷን ስወስድ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ያዘች፤ ቀሚሱን ስትለብስ ለቀቀችው። "አጠበብሽብኝ" ትለኛለች! ምን ልበላት? ፈትቼ አሰፋለሁ።

ከሥራ በኋላ መድረኩን ከፈትኩ። ሦስት ሺህ ልብስ ሰፊ ኢንተርኔት ላይ ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሁሉም መቀስ ይዟል። ያልተገባውን የምንሰርዘው ጠባቂዎቹ ሦስት ነን። እኔ፣ ስፌት የሚያስተምረው መምህሩ፣ እና ራሱን "ባለመቀሱ" ብሎ የመዘገበ የወንዶች ሱፍ ሰፊ። እኔ "ኮሌታ" ነኝ። ሰው ሥራውን ፎቶ አንስቶ ያወጣል። የወደደ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ይጫናል፣ ያልወደደ ወደ ታች የሚያመለክተውን። ወደ ታች አምስት ከደረሰ ይታጠፋል፤ ፈልጎ ካልከፈተው በቀር ማንም አያየውም። ማን እንደተጫነ አይታይም።

ወደ ታች የሚለው ቀስት እንዲኖር አጥብቄ የተሟገትኩት እኔው ነኝ። ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ ሐር በጋለ ካውያ ተኩሱ የሚለው... አስመርረውኝ ነበር።

ጥቅምት 9

እትዬ መድረኩ ላይ ገባች! በስልሳ ሦስት ዓመቷ! ልጇ ናት ያስገባቻት። ስሟን "የድሮ መርፌ" አለችው። ብቻዬን ሳቅኩ።

እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ ሦስት። ከዚያ ወዲህ እናቴም አባቴም እሷ ናት። መርፌ ያስያዘችኝም እሷ ናት። በዚህ መድረክ ላይ የምመጻደቅበት ሙያ ሁሉ ከእሷ ጠረጴዛ የተለቀመ ነው።

"የኮሌታ ታላቅ እህት ነኝ፣ እንደምን ናችሁ ልጆች" ብላ ጻፈች። ሰው ደስ ብሎት ተቀበላት። አንዱ ብቻ "መርፌው ዝጓል ወይስ ገና ይወጋል?" አለ። ደሜ ፈላና ሰረዝኩበት። ቸኮልኩ መሰለኝ። ቀልድ ነበር እኮ። ሰውየው ወዲያው ጻፈ፦ "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ጠባቂ እህት የሌለን ምን ይዋጠን?" ስልሳ ሰው ወደ ላይ ተጫነለት። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

መምህሩ ደወለ። "ነገሩ ትንሽ ነው። ግን ከእንግዲህ በእህትሽ ጉዳይ እጅሽን ሰብስቢ።" እውነቱን ነው።

ጥቅምት 16

እትዬ ሥራ አወጣች። የሕፃን ቀሚስ፣ ወገቡ ዙሪያውን ሽንሽን። ከሥሩ አንዲት መስመር፦ "እንዴት ነው? እውነቱን ንገሩኝ።"

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ስልኩን አጠገቤ አምጥቼ አጎላሁት። ስፌቱ ከወገቡ መሃል ጀምሮ ወደ ግራ ይሸሻል። ሽንሽኑ እዚያ ጋ ሲደርስ እርስ በርሱ ይደራረባል። የእትዬ እጅ? ዓይኗን ጨፍና በገመድ እንደተለካ የምትሰፋዋ ሴትዮ?

ቸኩላ ይሆናል። ወይ ፎቶው ነው...

ሁለት ሰው ወደ ታች ተጭኗል። ዝም ብል "ለእህቷ ሲሆን አለፈችው" ሊሉ ነው። ወደ ላይ ብጫንማ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ተጫንኩት። ወደ ታች። የማንም ሥራ ቢሆን እጫነው ነበር፣ አይደል? አዎ እጫነው ነበር። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ። ለማን እንደኮራሁ እንጃ፤ ማንም አያየኝ።

ጥቅምት 17

ሰባት ደረሰ። አምስተኛው ላይ ነው የታጠፈው።

ጥቅምት 20

እሑድ። እትዬ ጋ ዋልኩ። ስለ ቀሚሱ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። መርፌ ሰጠችኝና "ክሩን አስገቢልኝ። ክሩ ነው የወፈረው ቀዳዳው ነው የጠበበው?" አለችኝ። ተሳሳቅን። አስገባሁላት።

ልጅ ሆኜ ስፌት ሳበላሽ አትቆጣም ነበር። ልብሱን ትገለብጠውና የተበላሸበት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። በቃ። ጣቷን ሳታነሳ ትጠብቃለች፣ ራሴ እስካየው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ አትነቃነቅም። ያ ጣት ከዱላ ይብስ ነበር፤ ግን ጥፋቴን ሳላውቅ አንድም ቀን አልተኛሁም።

ዛሬ እኔ ምን ብዬ ልጀምር? "ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ" ልበላት? ሌላ ቀን...

ኅዳር 8

እትዬ ሥራ አቁማለች። የሰማሁት ከልጇ ነው። ማሽኑን ጨርቅ አልብሳዋለች አለችኝ። ደወልኩ።

"እጄ አረጀ፣ እታለም። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ቢያርፍ ምን አለበት?"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት። "ረፍት ያስፈልግሻል።"

ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ለምን ቀለለኝ? ስለ ቀሚሱ መነጋገር ስለቀረልኝ ነው። እዚህ ስጽፈው ነው የገባኝ። ለራሴ ማስታወሻ አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኅዳር 26

መድረኩ ታመሰ። አንዲት ጀማሪ የመጀመሪያ ሸሚዟን አውጥታ አሥራ አንድ ወደ ታች አገኘች። "መቀሱን ጣልኩት፣ ደህና ሁኑ" ብላ ወጣች። ከዚያ የለየለት ጦርነት።

ባለመቀሱ፦ "ቀስቱ ይነሳ! በመንገድ ሲያልፍ ድንጋይ ወርውሮ የሚሮጥ ሰው ማንን አስተምሮ ያውቃል?"

መምህሩ፦ "ይነሳና ማንም የጻፈው ሁሉ ከላይ ይንሳፈፍ? የሕፃን ልብስ ላይ ዶቃ በሙጫ ለጥፉ ያለውን ሰውዬ ማን አወረደው? ቀስቱ! ሕፃን ቢውጠውስ ኖሮ?"

ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። አራት መቶ ሰው ተሰዳደበ፤ አርባ አስተያየት ሰረዝኩ። የደንበኛ እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። ግራውን በቀኝ... እንዲህም አድርጌ አላውቅ።

ታኅሣሥ 7

ልብስ ስተኩስ ሐሳብ መጣልኝ። ቀስቱ ይቆይ፤ ግን የተጫነው ሰው ስም ይታይ። ድንጋይ መወርወር የሚቀልለው ግንብ ተከልሎ ነው። ፊትህ ከታየ ወይ ምክንያትህን ትጽፋለህ ወይ እጅህን ትሰበስባለህ። "ደፍሮ ያወረደ፣ ደፍሮ ይታይ" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት መቶ አርባ ሰው ወደ ላይ! መምህሩ ተስማማ። ባለመቀሱ እንኳ "ኮሌታ፣ ዛሬ አንገታችንን አቀናሽልን" አለ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከተመሰገንኩ? ሰውነቴ ሁሉ ሞቀው።

ታኅሣሥ 14

በድምፅ ብልጫ አለፈ። ድረ ገጹን የሚሠራልን ባለሙያ ነገ ጠዋት ይቀይረዋል።

ታኅሣሥ 15

የድሮዎቹም ወጡ።

ከዛሬ ጀምሮ የሚጫነው ብቻ ነበር የመሰለኝ። ባለሙያውን አልጠየቅኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። "ስም ይታይ" አልን፣ ስም ታየ። መድረኩ ከተከፈተበት ቀን አንስቶ ማን ማንን እንዳወረደ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ የየራሱን እየቆፈረ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሰፉ ሁለት ሸሪኮች ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያወርዱ ኖረዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

እኔ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ሮጥኩ። የሕፃን ቀሚስ። ሰባት ስም። ሦስተኛው "ኮሌታ"።

ለባለሙያው ደወልኩ። "ደብቀው! የድሮዎቹን አሁኑኑ ደብቅልኝ!" ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ሁለት ሰዓት... ካውያውን ረስቼው የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ።

ከሰዓት የእህቴ ልጅ ደወለች። "አክስቴ..." አለች። ከዚያ፦ "እማዬ ስሞቹን አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። አንቺ ጋ ስደርስ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተነስታ ጓዳ ገባች።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከጣት የወጣስ?

ታኅሣሥ 16

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እጄን ለማንኳኳት ስንት ጊዜ አንስቼ ስንት ጊዜ እንዳወረድኩ አልናገርም።

እትዬ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ማሽኑ ጨርቁን እንደለበሰ ነው። "ተቀመጪ" አለችኝ።

"እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ሰዎቹ ምን ይሉኛል ብዬ..."

"ቆይ እስቲ። የቱ ጋ ነበር?"

"ምኑ?"

"የጠመመው! የቱ ጋ ነበር የጠመመው? ሰባት ሰው መጥፎ ነው አለኝ። የቱ ጋ እንደሆነ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። ለዚህች ልጅ ሳሳያት 'ያምራል እማዬ' ነው የምትለኝ። ለጎረቤት ሳሳይም ያምራል። ለእኔ ግን ቀሚሱ በጣቴ ስዳስሰው አንድ ነገር፣ ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። እንግዳ ሰው ልጠይቅ አልኩ። እንግዳ አያፍርም ብዬ።"

አንገቴን ደፋሁ። "ከመሃል ጀምሮ ወደ ግራ ይሸሻል" አልኳት።

"ወደ ግራ?"

"ወደ ግራ።"

እጇን አንስታ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። በመዳፏ፣ ልክ ሕፃን እንደሚያጫውት ሰው። ቆየች። ልጇ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ታያታለች።

"በግራዬ ምንም የለም" አለች። ድምጿ አልተለወጠም። "ጨርሶ የለም... እኔ እኮ እጄ ነው ያረጀው ብዬ ነው የተውኩት። ወደ ግራ ብትሉኝ ዓይኔ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። አንድ ቃል እኮ ነው!"

እግሯ ሥር ተደፋሁ። ራሴን ዳበሰችኝ፤ አልገፋችኝም። ብትገፋኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሁት። እጇ ቀዝቃዛ እንዳይሆን መጀመሪያ አሸችው። የዓይን ግፊት ነው አለች። የግራው ሄዷል፣ አይመለስም። የቀኙም ዙሪያውን እየጠበበ ነው፤ ከመጋረጃ ስንጥቅ እንደማየት ነው አለችን።

"መቼ ነው የጀመራቸው?"

እትዬ "እንጃ ልጄ" አለች።

እኔ የታየበትን ቀን አውቀዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። አልተናገርኩም።

"ሁለት ወር ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን የቀኙን ምናልባት እንይዘው ነበር" አለች። "አሁንም እንሞክራለን።"

ምናልባት። ሰው ከዚህ ቃል ጋር እንዴት አንድ ቤት ይኖራል?

ታኅሣሥ 24

ጠብታ በቀን ሦስት ጊዜ። የጠዋቱን እኔ አደርግላታለሁ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት። ቀና ትልልኛለች፣ እንደ ልጅ። አንጀቴን ትበላዋለች። ስለ መድረኩ አናወራም። ስለ ጉንፋን፣ ስለ ጎረቤት ውሻ እናወራለን።

ጥር 3

ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። "አታልቅሺብኝ፣ ገና አልሞትኩም" ብላ ገባች። ውጪ ወንበር ላይ አራት ሰዓት ተቀመጥን፤ እኔና ልጇ። ልጅቷ ድንገት፦ "አክስቴ፣ እኔም እኮ ያምራል አልኳት" አለች። "ጠማማ መሆኑን አይቻለሁ። ቅር እንዳይላት ብዬ ነው።"

አቀፍኳት። እሷ ስለወደደቻት ዋሸች፤ እኔ ስለፈራሁ አወረድኳት። በሁለታችን መሃል ዓይኗ ሄደ።

ጥር 17

ቀዶ ሕክምናው አልያዘም። ሐኪሟ ራሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጥላና ብርሃን ትለያለች አለችን፤ እሱም እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም።

ጥር 18

ምንም አልሠራሁም።

ጥር 25

ጠባቂነቱን ለቀቅኩ። ከመልቀቄ በፊት ሁሉንም ጻፍኩት፤ ቀሚሱን፣ ሰባቱን፣ ሦስተኛዋን፣ ወደ ግራ የምትለዋን ቃል። ማንም አልተሳደበም። ብሰደብ ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ ከሰባቱ ለብቻዬ ጻፈልኝ። ያ "ለራስ ሲቆርሱ" ያለኝ ሰውዬ! "እኔም ስፌቱ ሲሸሽ አይቻለሁ" ይላል። "ልጽፍ አስቤ ነበር። እህቷ እዚህ አለች አይደል፣ እሷ ትነግራታለች ብዬ ተውኩት።"

እሷ ትነግራታለች...

አሥር ጊዜ አነበብኩት። ልቤ ተሰብሮ አያውቅም ነበር ማለት ነው፣ እስከ ዛሬ የተሰበረ የመሰለኝ ሁሉ ስንጥቅ ነው።

የካቲት 13

መድረኩ ቀስቱን አነሳው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ለስድስት መቶ አርባ። መምህሩ "በአንቺና በእህትሽ የተነሳ ነው" አለኝ፤ ደግ ነገር የነገረኝ መስሎት። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። ምን ብዬ ልስጥ?

መጋቢት 2

ዛሬ እትዬ ራሷ አነሳችው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠናል፣ እኔ ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ላይ። ፀጉሯን አበጥሬላት ጨርሻለሁ።

"ያ የቀስት ነገር ምን ላይ ደረሰ?"

"አነሱት።"

"ጭራሹን?"

"ጭራሹን።"

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። "ምን በደላቸው? እሱማ ነገረኝ። ጠማማ ነው አለኝ፤ ጠማማም ነበር። ከልጄ ከጎረቤቴ ሁሉ የማይዋሸው እሱ ነበር። ቀስት አፍ የለው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ያድርግ? አፍ የነበረሽ አንቺ ነሽ።"

ማልቀሴን እንዳትሰማ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ጫማ አላደረግኩም። በሩ ጋ ሄጄ ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ አፌን በነጠላዬ አፍኜ።

እሷ ቀጠለች። "አልጠላሁሽም። እንዲያ አታስቢ። መጀመሪያ ላይ ጠልቼሽ ነበር፣ አንድ ሳምንት ያህል። ያሳደግኩትን ልጅ መጥላት ደግሞ እንዴት ይከብዳል መሰለሽ፣ እንቅልፍ ያሳጣል። ከዚያ ደከመኝ። አሁን የምፈልገው..." እጇን ዘረጋች፤ ጉልበቴን ልትይዝ ነው። የያዘችው ባዶ ወንበር ነው። ጨርቁን ዳበሰችው፣ ጠርዙን፣ መደገፊያውን። ፊቷ ወደ ወንበሩ እንደዞረ ነው።

"እታለም?"

ነጠላዬን ይበልጥ ወደ አፌ ጫንኩት።

"እታለም፣ ኧረ ተናገሪ። ዝም ስትዪ የት እንዳለሽ አላውቅም።"

"እዚህ ነኝ፣ እትዬ" አልኳት። "በሩ ጋ ነኝ። እያለቀስኩ ነው።"